የጠይብ ትርጉም ፍለጋ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር አንድ የእጅ ሙያተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ አንዱ አናጢ ብረት ቀጥቃጩን ጋሽ ካሴን «ዝም በል፣ ጠይብ!» አላቸው። ጋሽ ካሴ «ማኅበሩ በቃኝ» ብለው ተነሡ። ሊቀ መንበሩ ለምነው አስቀመጧቸውና እኔን «የቃሉን ፍቺ ሐይቁ ላይ ካለው ገዳም የኔታ ጠይቀሽ ነይ» አሉኝ። ጋሽ ካሴም ለገዳሙ ብለው የሠሩትን ምሳር አስያዙኝ።

ገዳሙ ያለበትን ደሴት ሴት አትረግጠውም። ወንድ ሞልቶ ሳለ እኔን መላካቸው! ታንኳው ላይ እንደ ተቀመጥሁ አንድ መነኩሴ ጥያቄዬን ይዘው ወደ የኔታ ወጡ። ቆይተው ተመለሱ።

«የማን ልጅ ናት? ብለዋል።»

ነገርኋቸው። ወጡ፤ ደግሞ ተመለሱ።

«ምን ሊያደርግላት? ብለዋል።»

አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው፤ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ እየጠጣ ቀሚሴ ርሷል። አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ መነኩሴው ፊታቸው በርቶ ወረዱ። «ጠይብ የሚባለው በግዕዙ ጠቢብ ነው፤ ጥበብ ያለው ሰው። የክብር ስም ነበር፤ ስድብ ያደረገው ድንቁርናችን ነው ብለዋል። እኔም ድሮውንም የምለው ይህንኑ ነው።»

ደስ ብሎኝ ምሳሩን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡት።

«ማን ነው የሠራው?»

«ጋሽ ካሴ ናቸዋ፣ ጠቢቡ!»

«እንግዲያ እዚያ ድንጋዩ ላይ አስቀምጪው፣ ልጄ። ጸበል ሳይረጭበት እኔ አልነካውም።»