ዋርሳዬ የመረጠው ሽቦ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቡታጅራ የገባ ሰሞን ጉራው አላስቀምጥ አለን። የሚወዳት ልጅ አባት ግን «ለአዝማሪ የምሰጣት ልጅ የለኝም» ብለዋል። ከስንት ልመና በኋላ እሑድ እኛ ግቢ መጥተው ሊሰሙት እሺ አሉ።

ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ አጭር ነው። እሱ ደግሞ በእንግዳ መሀል እየተንጎራደደ መጫወት አማረው። ቅዳሜ አብረን ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የመብራት ሽቦ ነው» ቢለውም በክንዱ እየለካ ረጅሙን አስቆረጠ።

የጊታሩ ገመድ ተልጦ ሲጠገን ውስጡን አይቼው ነበርና «ያኛው እኮ ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ነው» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እትዬ፣ ከአራተኛ ክፍል ወጥተሽ ኢንጂነር ሆንሽ?» አለና ሳቀብኝ።

እሑድ መብራት ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ተሳበ፤ አዲሱ ሽቦም በእንሰቱ ላይ ተዘረጋ። አባትየው ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ዋርሳዬ ክሩን ሲመታ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። ከዚያ ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ የቀትር ዜና ማንበብ ጀመረ። ለካ ያ ዙሪያው ያልተጠለፈ ሽቦ ራዲዮ ጠልፏል! ዋርሳዬን ላብ አጠመቀው፤ እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አባትየው ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ብድግ አሉ።

«አዝማሪ ነው እያሉ አሳስተውኝ! ራዲዮ ነጋዴ ነህ ለካ። በል፣ ልጄን ውሰዳት» አሉት።

ዋርሳዬም ሳያፍር «ለእርስዎማ ጋሼ፣ ከዚህ ተለቅ ያለ አለኝ» አላቸው።