ያልተፈታ ጓዝ

የወሊድ ፈቃድ ለወንድ ልጅ ይበቃል፤ ለሴት ልጅ አይበቃም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ሴት ግን ሰማንያ ቀን ትጠብቃለች። እስከዚያ ድረስ እናትየው አራስ ናት፤ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። እኔ የወለድኩት ሴት ነበር። ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች።

ጊዜው ደርግ ነው። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ቦሌ አልቆ እርሻ የሚጀምርበት ላይ ነበር። በአንዱ መስኮት አውሮፕላን ሲያርፍ ይታያል፤ በሌላው፣ ወደ ቡልቡላ በኩል፣ በሬ ጠምደው የሚያርሱ ሰዎች ይታያሉ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሁለተኛውን መስኮት ይወዱ ነበር። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች እኔን አራሷን ሊንከባከቡ ከትግራይ የመጡት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻቸውን ራሳቸው ነበር የሚያሳርሱት፤ ቤታቸውንና ሁለት በሬዎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ «ክርስትናዋን አይቼ እመለሳለሁ» ብለው መጡ። በመስኮቱ እያዩ «ይሄ ሰውዬ ትልሙን ያጣምማል» ይሉ ነበር፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

እኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ነገር ግን ጠዋት ለብሶ መውጣትን እወድ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናዬን ኳኳታም እወድ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለጨው እንኳ የአባቴን እጅ ስታይ ኖራ ነው የሞተችው። እንደ እሷ መኖር አልፈለግኩም። ይህን ለማንም ማስረዳት የለብኝም ብዬ ባስብም፣ ሰው ሁሉ እንዳስረዳው ይጠብቅ ነበር።

ፈቃዱ እንዲራዘምልኝ ኃላፊዬን ጠየቅኩት።

«ጓድ፣» አለኝ፣ «አብዮቱ ክርስትና አይጠብቅም። ሰኞ ካልገባሽ ቦታው ላይ ሌላ ሰው እንተካለን።»

የራሱን ልጆች ሩቅ ሰፈር ወስዶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ክርስትና እንዳስነሳ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። አፌን ይዤ ወጣሁ። ያኔ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ነበር የምንኖረው።

ባለቤቴን ስጠይቀው «እንዳልሽ» አለኝ። «እንዳልሽ» ሲሰሙት ፈቃድ ይመስላል። ነገሩ የተበላሸ ቀን ግን «አንቺው ነሽ ያልሽው» ለማለት የተቀመጠ ነው።

አማቴ እንደ ልጃቸው አላድበሰበሱም። «ጓለይ፣» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ ልጅ ክርስትና ሳትነሳ ከዚህ ደጅ ከወጣሽ እኔም አገሬ እገባለሁ። ክፉ ነገር ሲያገኛችሁ ቁጭ ብዬ አላይም።»

እሳቸው ከሄዱ ልጅቷን የሚይዝልኝ አልነበረም። እንዳይሄዱ ደግሞ ከሥራ የምቀረው እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት ጓዛቸውን በአሮጌ ጋቢ ቋጥረው በሩ ሥር አስቀመጡት።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ማልዶ ወጣ። እኔም ለበስኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልዘጋ ስላለ ሹራብ ደረብኩበት። የላም ወተት በውኃ አቅጥኜ፣ በጡጦ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አማቴ ልጅቷን ታቅፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። «ደህና ዋሉ» አልኩ። ጓዙን ተሻግሬ ወጣሁ።

ያልተጠመቀች ሕፃን ጥሎ የሚሄድ አያት የለም ብዬ ተማምኜ ነው የወጣሁት። አውቶቡስ ውስጥ ግን ፈራሁ። ሴትየዋ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አብዮት አደባባይ ስደርስ ወርጄ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ፤ ሰው ሲገፋኝ መልሼ ተቀመጥኩ።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍተሻ ጥብቅ ነበር። ሴቶችን የምትፈትሸው ሴት እጇን ቦርሳዬ ውስጥ ሰደደችና ፊቷ ተለወጠ። የወጥ ቤት ቢላዋ አወጣች። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ሸሸት አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ለእኔም እንደ እሷ አዲስ ነገር ነበር። እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ክር ሳይ ግን አወቅኩት፤ አማቴ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ቢላዋ ነው። አራስ የግድ ደጅ ከወጣች ብረት ይዛ ነው የምትወጣው፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል።

«አራስ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«ክርስትና ተነሳች?»

«ገና ናት።»

«ታዲያ ምን አወጣሽ? ወይ ጉድ!» ቢላዋውን ወንበሯ ሥር ሸጎጠችው። «ማታ ስትወጪ ትወስጃለሽ። በይ ግቢ፣ ሰው አይይብሽ።»

ደረጃውን ስወጣ ፍርሃቴ ለቆኝ ነበር። አገሩ ለመግባት የቆረጠ ሰው ቢላዋውን ሰው ቦርሳ ውስጥ አይከትም። አማቴ ፊታቸውን አዙረውም ቢሆን ሸኝተውኛል። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ብዛት የዚያን ቀን የጻፍኩት ሁሉ ግድፈት ነበር። ከቀትር በፊት የጡቴ ወተት ቀሚሴን አልፎ ሹራቤን አረጠበው።

ማታ ስገባ ጓዙ በሩ ሥር እንደተቋጠረ ነው። አማቴ በአንድ እጃቸው ልጅቷን እንደታቀፉ ሌላውን ዘረጉልኝ።

«ቢላዋዬን ስጪኝ። ሽንኩርቱን በጥርሴ ልክተፈው?»

 በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁት ምስማር ነው።

ጓዛቸውን ግን አልፈቱትም። ልብስ ሲያስፈልጋቸው ጫፉን ገለጥ አድርገው ይስቡና መልሰው ይቋጥሩታል። ልጅቷ ክርስትና ተነሳች፤ ጓዙ እዚያው ነው። «ጥርስ ታብቅልና» አሉ። ጥርስ ስታበቅል «በእግሯ ትሂድና» አሉ። በእግሯ ስትሄድ ጦርነቱ ወደ አገራቸው የሚወስደውን መንገድ ዘጋው። የበሬዎቻቸው ወሬም በዚያው ቆመ። እኔ የክፍላችን ዋና ታይፒስት ሆንኩ፤ ጎረቤቶቼ ጎበዝ፣ ሥራውንም ቤቱንም የያዘች ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ ቤተሰብ የሚመዘግብ ልጅ ከቀበሌ መጣ። የባለቤቴን ሥራ ጠየቀ፣ የእኔን ጠየቀ፣ ነገርኩት።

«የእማማስ ሥራ?»

«ሥራ የላቸውም» አልኩ።

አማቴ በመስኮቱ ወደ ቡልቡላ እያዩ ነበር፤ ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ተኝታለች። እንዳትነቃባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወደ እኛ ግን አልዞሩም።

«ገበሬ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አሉት።