የጭነት ቋጠሮዬና የአባባ መንጠቆ

የገና ዕረፍት እንደገባ ከአባባ ጋር ዝዋይ ሄድኩ። አባባ ኮልፌ ገበያ የቃጫ ገመድ ይሸጣሉ። ትልቁ ደስታቸው ግን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ ነበር። ነበር የምለው፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የናይለኑን ክር በመንጠቆው ቀዳዳ ማሳለፍ ስላቃታቸው ነው። ሦስቱን መንጠቆዎቻቸውን ለሰው ሊሰጡ ሲነሱ፣ እኔ አስርልዎታለሁ ብዬ ለመንኳቸው።

«እሺ፣ አንዴ እንሞክር» አሉ። «ካልሆነ ግን እዚያው ለቱፋ ሰጥቼው እመጣለሁ።» ጋሽ ቱፋ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ፣ የድሮ ወዳጃቸው ናቸው።

መንጠቆዎቹን ቤት ሳለን አሰርኳቸው። ገመድ መሀል ያደግኩ ልጅ ማንን እጠይቃለሁ? አባባ ራሳቸው ያስተማሩኝን የጭነት ቋጠሮ ቋጠርኩና በጥርሴ ስቤ አጠበቅኩት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

በስሙኒ ታክሲ አውቶብስ ተራ ደረስን። አውቶብሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈው ነበር። ዶሮዋ ለዓሣው የያዝኩትን ሊጥ በወረቀቱ ቀዳዳ እየለቀመች ደብረ ዘይት ሳንደርስ ግማሹን ጨረሰችው። ሴትዮዋ አፍረው ሁለት ብርቱካን ሰጡኝ። ሞጆ ወርደን ዳቦ በሻይ በላን። ከመቂ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ፤ ግራሮቹ ጥላ የዘረጉ ሰዎች ይመስላሉ። አባባ መስኮቱን ከፍተው አየሩን ያሸቱ ጀመር። ሐይቁ ከመታየቱ በፊት ይሸተኛል ይላሉ፤ እኔ የሸተተኝ ናፍጣ ብቻ ነው።

አምስት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

የመጀመሪያውን መንጠቆ አባባ እንደ ወጣት ወረወሩት። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተወጠረ፤ ብድግ አሉ። ወዲያው ላላ። ሲስቡት ባዶ ክር መጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«የዘንድሮ ዓሣ ጎበዝ ነው» አሉ፣ እኔን ላለማሳዘን። ሊተዉት ክሩን በመጠቅለያው እንጨት ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አጠገባችን መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩት ጋሽ ቱፋ የክሩን ጫፍ ተቀብለው አዩት። እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሏል። ቢበጠስ ኖሮ ቀጥ ብሎ ይቀር እንደነበር፣ ይሄ ግን ተንሸራቶ እንደወጣ ነገሩን። ከዚያ የቀረችውን ሦስተኛዋን መንጠቆ አገላብጠው ሳቁ።

«የኮልፌዋ፣ ይሄ እኮ አህያ የሚጫንበት ቋጠሮ ነው። ዓሣው ከሰል ሊያመጣልሽ ነው?»

አባባም ሳቁ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቃጫ ሻካራ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ናይለን ግን ልስልስ ነው፤ የእኔ ቋጠሮ አይዘውም።

ቋጠሮዬን ፈታሁት። ጋሽ ቱፋ እንዳሳዩኝ ክሩን በቀዳዳው አሳለፍኩ፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠመጠምኩ፤ መልሼ ከቀዳዳው አጠገብ በቀረችው ክፍተት አስገባሁት። ልስበው ስል እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ በምራቅሽ አርጥቢው። በደረቁ ከሳብሽው ክሩ ይግላል፣ ይዳከማል።»

አርጥቤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። አባባ ወረወሩት። ፀሐዩ አናታችን ላይ ቆመ፣ ብርቱካኖቹም አለቁ። ከዚያ ክሩ ተወጠረ፤ አልላላም። አንድ ደህና ቆሮሶ እየተንፈራገጠ ወጣ። አባባ ዓሣውን አላዩትም። አውራ ጣታቸውን ቋጠሮው ላይ አሳርፈው ዳሰሱት።

«ይዟል» አሉ።

መንጠቆዋን ለጋሽ ቱፋ አልሰጧትም፤ ቡሽ ላይ ሰክተው ኪሳቸው ከተቷት።

ቤት

እማዬ ዓሣውን አይታ፣ ለዚህ ነው ዝዋይ ድረስ የተጓዛችሁት አለችን። ግን ጠብሳ ጭንቅላቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ያወቅኩትን ልጻፍ። ቋጠሮ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የሚቋጠረው ክር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላውን ያወቅኩት ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ነው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ቋጠሮውን በጣታቸው እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። ሞጆ ሳንደርስ ያለ ዓይን ቻሉት።

«ቀዳዳውን ብቻ ላንቺ ትቻለሁ» አሉኝ።

አሁን ሱቃችን ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ ክሩን በመንጠቆዋ ቀዳዳ አሳልፌ እሰጣቸዋለሁ። የቀረውን ጣታቸው ያውቃል።