ማሽኖቹ ሲቆሙ

ልጅቷን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላት ነበር። ከአልጋ ስትወርድ የጀመረችውን ወሬ የሚያቋርጣት እንቅልፍ ብቻ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላት ግን ስሟ ሲጠራ ዞር ማለት ተወች። ቃላቷም አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ የሰዎች ስም ሄደ፣ ቀጥሎ ውሃና ዳቦ፣ በመጨረሻ «እማ»። እናቷ ሥራ ስትውል የምትይዝላት ጎረቤት «ሬዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች እንዴ?» እያለች ቀለደች። ቀልዱ ብዙ አልሰነበተም።

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤት የሚጠብቃት ከልጅቷ በቀር ማንም አልነበረም። የምትሠራበት አዳራሽ ማሽኖቹ ባንድ ላይ ሲጮሁ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ የከረመ ሰው ቤቱ ገብቶም ይጮሃል። ልጅቷ ዝም ስትል እናትየዋ የምታውቀውን አደረገች፤ ድምጿን ጨመረች። ጎረቤት ልጇን የምትደበድብ መሰለው።

ሐኪሙ ልጅቷን ተኝታ ሳለ ጭምር መረመራት።

«ጆሮዋ ደህና ነው» አለ። «ድምፅ ትሰማለች። ቃል ነው የማትለየው።»

የሚጥል በሽታ ዓይነት መሆኑን ለእናትየዋ ነገራት። ቀን ባይጥላትም፣ እንቅልፍ ሲወስዳት አንጎሏ ውስጥ ንግግር የሚለየውን ቦታ ያውከዋል። መድኃኒት አዘዘ። ቃሉ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ እስከዚያው በእጅ ምልክት አናግሪያት አላት።

እሺ ብላ ወጣች፤ አላደረገችውም። እጅ ካስለመድኳት አፏን ጭራሽ ትረሳዋለች ብላ ፈራች። መድኃኒቱን እየሰጠች፣ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ፊቷ አስቀምጣ «እማ በይ» ትላታለች። ልጅቷ የእናቷን ከንፈር ትኩር ብላ ታያለች፣ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች፣ ወይ የያዘችውን ትወረውራለች። ጠምቷት ይሁን ሆዷን ቆርጧት የሚታወቀው በግምት ነበር። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻ መኖር ጀመሩ።

እናትየዋ ራሷ ግን ቀኑን ሙሉ የምታወራው በእጇ ነበር። አዳራሹ ውስጥ በአፍ መነጋገር አይታሰብም። ክር አለቀ፣ መርፌ ተሰበረ፣ ሁሉም ምልክት አለው። አውራ ጣትን ወደ አፍ ማዘንበል ውሃ ነው። ሆድን በክብ መዳበስ «አለቃው መጣ» ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ስለሚገባ። ለእያንዳንዷ ሴትም ስም ወጥቶላታል። እሷ ራሷ ክር በጥርሷ ስለምትበጥስ ስሟ ሁለት ጣት ጥርስ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ጋዋኗን ስታወልቅ አብራ የምታወልቀው የሥራ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ታመመችና እናትየዋ ልጅቷን ወደ አዳራሹ ይዛት ሄደች። ከማሽኗ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠቻት። ታለቅሳለች ብላ ስትሰጋ፣ ልጅቷ የሴቶቹን እጅ ስታይ አረፈደች። በኋላ የእናቷን ቀሚስ ጎተተችና ሆዷን በክብ ዳበሰች። እናትየዋ ቀና ስትል አለቃው በር ላይ ቆሟል።

ከፊት ለፊት የምትሰፋው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት አንጋፋ ሠራተኛ፣ ሳቋን በጋዋኗ አፈነች። ቆይታ ልጅቷ አውራ ጣቷን ወደ አፏ አዘነበለች። ሳታለቅስ ውሃ ስትጠይቅ፣ ቃላቷ ከጠፉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። እናትየዋ ውሃውን ሰጠቻት፤ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። የፈራችው ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ ቀጥ አሉ። ጠዋት ሙሉ የታፈነው ሐሜትና ሳቅ ባንዴ ፈነዳ፤ የሴቶቹ እጅ ጭናቸው ላይ አረፈ። ልጅቷ ከማሽኑ ሥር ወጥታ ደግማ በጣቷ ውሃ አለች። የሚያያት አልነበረም። ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ተመለከተች። እጇ ቀስ እያለ ወረደ።

እትዬ ጎንበስ ብላ ምን እንደፈለገች በአፏ ጠየቀቻት። ልጅቷ ከንፈሯን አይታ ፊቷን አዞረች።

እናትየዋ ያንን ፊት ታውቀዋለች። ቤቷ ውስጥ «እማ በይ» ባለች ቁጥር የምታየው ነው። እስከዚያች ሰዓት እልህ ይመስላት ነበር።

«እትዬ፣ በአፍ አታናግሪያት።»

«ምነው፣ ማሽኑ ቆሞ የለም እንዴ?»

«ለሷ አልቆመላትም።»

ልጇ ፊት ተንበረከከችና አፏን ዘግታ አውራ ጣቷን አዘነበለች። ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ጠጥታ ስትጨርስ ሁለት ጣቷን ጥርሷ ላይ አደረገች፤ እትዬ እናቷን ስትጠራ እንዳየችው።

እማ ማለቷ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ እናቱን የሚጠራ ሰው ስለሌለ፣ ለእናት ምልክት አልወጣም። ለአቤትም አልወጣም። እናትየዋ በአቤት ፈንታ እጇን አነሳች።

ያን ምሽት ቤቱ ከወትሮው ይበልጥ ጸጥ አለ። «እማ በይ» የሚል አልነበረም። አንድ ሁለቴ ከአፏ ሊያመልጣት ሲል እናትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቷ ከገበታው ማዶ ሁለት ጣቷን ጥርሷ ላይ አድርጋ፣ የሥራ ባልደረባ እንደሚጠራ ጠራቻት፤ እናትየዋ ዳቦውን አቀበለቻት።