የውኃ ተራ የሚያነበው ድምፅ

መቐለ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተማርኩት ስልክ ዋጋ እንደሌለው ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ደውለሽ «ነገ ዝግጅት አለን» ብትይ «እሺ፣ ችግር የለም» ይሉሻል፤ በማግስቱ ግን ዝር የሚል የለም። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘሽ ራስሽ መሄድ አለብሽ። ጋዜጠኛው እንዲመጣ መኪና ትልኪያለሽ። ቴሌቪዥን ካማረሽ ደግሞ ካሜራማኑን ከነባትሪው፣ አንዳንዴም ቁርሱን እስኪጨርስ ጠብቀሽ፣ ከቤቱ ደጃፍ ታነሺዋለሽ። የሚቆረጥ ሪባን ከሌለ ያም አይመጣም። ዓይናለም በሚባለው ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ መውጣቱ ብቻውን ዜና አልነበረም፤ ዜናው አንድ ባለሥልጣን አጠገቡ መቀስ ይዞ መቆሙ ነበር።

እኔ የውኃ መሥሪያ ቤት ሰው ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን በትዳር መጥቼ እዚያው የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ትግርኛዬ ሽንኩርት ለመግዛት እንጂ ለሬዲዮ የሚሆን አልነበረም። አለቆቼ ይህን የተረዱት ከቀጠሩኝ በኋላ ነው። በአማርኛ ግን ማን ይችለኛል! ሥራ አስኪያጁ ያላሉትን «ሲሉ ገልጸዋል» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሳቸውም በዜና ሲሰሙት «ጥሩ ተናግሬያለሁ» ብለው ደስ ይላቸዋል። በዚህ ብዙ ዓመት እንጀራ በላሁበት።

የእኔን አማርኛ ወደ ከተማው ጆሮ የሚያደርሰው በጣቢያው ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ሹራቡን የማያወልቅ፣ ለወሬ የማይሰለች ሰው። ያን ጊዜ ውኃ ለሁሉም ሰፈር በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ በተራ ነበር የሚለቀቀው። ፓምፕ ሲበላሽ ተራው ይዛባል፣ ተራው ሲዛባ እኔ ወረቀቴን ይዤ ወደ እሱ እሮጣለሁ። ወረቀቱን አንዴ ያየዋል፤ ከዚያ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ በአማርኛ የተጻፈውን እዚያው በትግርኛ ያነበዋል። እኔ «ውድ ደንበኞቻችን፣ በተፈጠረው ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት» ብዬ የጻፍኩት፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ «እናቶች፣ ዛሬ በከንቱ አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ትመጣላችኋለች» ሆኖ ነው። አንድ ቀን በዚህ ነገር ተቆጣሁ፤ አለቃዬ እንዳጸደቁት ለምን አይነበብም አልኩት።

«ሓፍተይ፣» አለኝ እየሳቀ፤ እህቴ ማለቱ ነው፤ «አንቺ የምትጽፊው ለሥራ አስኪያጁ ነው። እኔ የማነበው ጀሪካን ይዛ ለቆመችው ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንደፈለገ እንዲያነበው ተውኩት። ድምፁ ከመሥሪያ ቤታችን ይልቅ የታመነ ነበር። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ እሱ ከተሰማ ሴቶች በርሜል መክደኛ ይከፍታሉ፤ ልጆች አነጋገሩን እየቀዱ ይጫወታሉ። ፊቱን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ሻይ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሻይ ለማዘዝ አፉን ሲከፍት ነው ቤቱ ሁሉ የሚዞረው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ነገር ለመናገር ስለ ካሴቱ ማስረዳት አለብኝ። ጣቢያው ካሴት ስለሚያጥረው ካሴት ይዘን የምንሄደው እኛው ነበርን። እሱ በእኛ ካሴት ላይ ይቀዳል፣ ጣቢያው ጠዋትና ማታ ያሰማዋል፣ ከዚያ እኔ ተቀብዬ ለሞንታርቦው መኪናችን እሰጣለሁ። መኪናው ያንኑ ድምፅ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ተራው ሲቀየር ደግሞ በዚያው ካሴት ላይ አዲሱ ማስታወቂያ ይቀዳል፤ አሮጌው ይጠፋል። ካሴት ከኋላው በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ እነሱ ከተሰበሩ በላዩ መቅዳት አይቻልም። እኛ ጋ ማንም ሰብሯቸው አያውቅም። ለአሮጌ የውኃ ተራ ማን ካሴት ያባክናል? እንዲህ ነበር የሁላችንም አሠራር፤ ማንም ክፉ አላሰበም።

እሱ ደግሞ አንብቦ ሲጨርስ መቅጃውን ማጥፋት ትዝ አይለውም። ክሩ እየዞረ ወሬውን ይቀጥላል፦ ስለ ኪራይ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ከሁሉ ይበልጥ ስለ ልጁ። ዘግይቶ ያገኛት አንድ ልጅ ነበረችው፤ ገና አፏን እየፈታች ነበር። የተናገረችውን ሁሉ ሰብስቦ ለእኔ ያመጣልኛል። ውጭ ግን ሹፌራችን ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ መቅጃውን አጠፋለሁ። ሁልጊዜ እንቸኩል ነበር።

ከዚያ ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ብርቱካን ይዤ ጠየቅሁት፤ ድምፁ ተዳክሞ ነበር፤ ያም ሆኖ የዓይደር ሰፈር ተራ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ብዙም አልቆየም፤ አረፈ። የቀብሩን ማስታወቂያ ሌላ ሰው አነበበው። እኛም የውኃውን ተራ በእነዚያው ካሴቶች ላይ ለአዲሱ አንባቢ አስቀዳን። በዚያ ሰሞን ሴቶቹ «ያኛው የት ሄደ?» እያሉ ሹፌሩን ይጠይቁት ነበር፤ ቆይተው ተዉት።

ዓመታት ሄዱ። ኤፍ ኤም ጣቢያዎች መጡ፣ ወጣት ጋዜጠኞች በሞባይል «የቀጥታ መስመር ላይ ነዎት» ይሉኝ ጀመር፤ መኪና መላክም ቀረ፣ በኋላማ መግለጫው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ሆነ። ተመችቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ነው እንግዲህ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሮዬ የመጣችው። አባቷን ስትጠራልኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። የዚያ ማስታወቂያ አንባቢ ልጅ ናት፤ ቅጥነቷ የእሱ ነው።

ጣቢያው ሄዳ ጠይቃ ነበር። የዚያ ዘመን ካሴት በላዩ እየተቀዳበት አልቋል ብለዋታል። እናቷ ናት «የውኃዋን ሴትዮ ጠይቂያት» ያለቻት። ፎቶ አላት፣ ሹራቡ እንኳ ቤት አለ።

«ታክሲ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቁ አነጋገሩን ያሰሙኛል፣» አለችኝ። «ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የአባቴን ድምፅ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

አለቀስኩ፤ እሷ ፊት። ከዚያ ግምጃ ቤቱን አስከፍተን የቀረውን ካሴት ሁሉ ሰማን። ሁሉም ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ነበሩ። ተስፋ ቆርጠን ልንወጣ ስንል ነው የሞንታርቦው መኪና ትዝ ያለኝ። ጎማው ወልቆ ጓሮ ከቆመ ቆይቷል። ካሴት ማጫወቻው ደግሞ ከመኪናው ቀድሞ ነበር የሞተው፤ አንድ ካሴት ጎርሶ አልተፋም ሲል እዚያው ትተውት በሌላ ቴፕ ይሠሩ እንደነበር ሹፌሩ ነግሮኛል። አስፈታነው። ካሴቱ ውስጡ ነበር፤ አቧራ ጠጥቶ፣ ክሩ ተጠምጥሞ።

ቀዳማይ ወያነ ገበያው ጀርባ ቴፕ የሚጠግን ሰው አለ። ክሩን በእርሳስ እያጠነጠነ አቃናውና አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተተው። ልጅቷ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ከታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ነበር። ከዚያ እሱ መጣ። እናቶች፣ አለ በትግርኛ፤ ዛሬ በከንቱ አትጠብቁ። ጠጋኙ ፈገግ አለ፤ እሱም አወቀው። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። የሰፈሮቹን ስም ጨረሰ፣ ወረቀት ሲታጠፍ ተሰማ፤ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ፣ ሳቅ እያለ፣

«ሓፍተይ፣ ልጄ ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ የአንዲት ወጣት ሴት ችኩል ድምፅ፦ «በኋላ ትነግረኛለህ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።» ከዚያ ቀጭ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ክር ብቻ።

ልጅቷ እናቴ ብላ እየጠራችኝ ወደ እኔ ዞረች።

«ኣደይ፣ ምን ብዬው ነበር?»

ለሥራ አስኪያጆች ያላሉትን ስንቱን ንግግር የጻፍኩ ሴት ነኝ። ለእሷም አንድ ጣፋጭ ነገር አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር፤ ስለ ውኃ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ሕፃን ሊለው የሚችል ነገር። ማን ያውቅብኛል? ዓይኗን ሳየው ግን አልቻልኩም። በኋላ ነግሮኝ እንደሆነ፣ ወይስ ከናካቴው ተመልሼ ሳልጠይቀው ቀርቼ እንደሆነ አላስታውስም።

«አላውቅም፣ ጓለይ፣» አልኳት። ልጄ ማለቴ ነው። ያን ያህል ትግርኛ ተምሬያለሁ።

ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠጋኙን ወደ ኋላ እንዲያዞርላት ለመነችው፤ ደግመን ሰማነው፤ ደግሞ ጥሩምባው፣ ደግሞ እኔ። ልንወጣ ስንል ካሴቱ እንዳይጠፋባት ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀችኝ። ሁለቱን ጥርሶች አሳየኋት። እዚያው ቆማ በጥፍሯ አንድ በአንድ ሰበረቻቸው። የእኔም «በኋላ ትነግረኛለህ» አብሮ ካሴቱ ላይ ቀረ።