በገበቴው ላይ የቀረው ኖራ

አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚያሰማውን «ጭሽ» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ትናንት ለቅሶ ቤት አንዷ ጠርሙስ ስትከፍት እንኳ፣ ያለ ይመስል ቀና ብዬ ፈለግኩት።

አባቴ ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ገበቴውን አዝሎ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ይወርድ ነበር፤ ወርቅ ሊያጥብ። ገበቴ ያልኩሽ ከእንጨት የተፈለፈለ ሰፊ ዕቃ ነው፤ የወንዝ አሸዋ እያሽከረከሩ ያጥቡበታል። ይህን የምነግርሽ ዓመት ግን መንገዱ ክፉ ነበር። የሄደ ሰው ሳይመለስ ይቀር ጀመር። እናቴ «አትሂድ» አትልም፤ ባልን በአፍ መከልከል ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። ብቻ በዚያ ሰሞን የዳቦ ሊጥ የምታቦካው በእሱ ገበቴ ሆነ። ሊጥ ያለበትን ገበቴ ማን አዝሎ ይሄዳል? አባቴ ሊጡን አይቶ ያልፋል፤ እኔም በሁለቱ መሃል ጨንቆኝ እገባ እወጣለሁ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይና ስለ ምድር የምማር፣ የተማርኩትን ቤት ሳላደርስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። መምህራችን ወርቅ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳን ዕለት አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ይዤ አባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ውሃ በምድር ስንጥቅ ጠልቆ ይወርዳል፣ ከጋለ ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ በጣም ይግላል፣ ጨውና ድኝ ይይዛል አልኩት። ያን ጊዜ ወርቁን፣ ብሩን፣ መዳቡን ከድንጋዩ ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ይሸከማል። ከላይ የተጫነው ክብደት አፍኖ ስለያዘው እንደ ልቡ አይፈላም። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ክብደቱ ይቀልለታል። እዚህ ላይ ጠርሙሱን ከፈትኩት፤ ጭሽ አለና አረፋው ወጣ። እንዲህ ጋዙ ሲያመልጥና ውሃው ሲበርድ ወርቁን መሸከም ያቅተዋል፤ እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ከነጭ ድንጋይ ጋር ይጥለዋል። ተራራው በዘመናት ሲሸረሸር ደግሞ ወንዝ ይወስደዋል።

አባቴ ጠርሙሱን ትክ ብሎ አየው። «ለካ እኔ እጅ የሚገባው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ነው» አለ። ቀጥሎ፣ የእኛስ ሰፈር ፍልውሃ ትኩስ አይደለም ወይ፣ አረፋስ የለውም ወይ ብሎ ያዘኝ። ውሃ የሚሸከመው በመንገዱ ያገኘውን ነው፣ የእኛው የሚያወጣው ኖራ ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለ።

ጓደኞቹ ሊወስዱት ሲመጡ በጀሪካን ያስመጣውን ፍልውሃ በትልቅ ድስት ከሰል ላይ ጥዶ ሲያፈላ አገኙት። ዘንድሮ እዚሁ ሥራ እንደያዘ፣ ልጁ አዲስ ዘዴ እንዳመጣችለት ነገራቸው። ሳቁበት። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ብለውት ሄዱ። ያን ዕለት እናቴ ገበቴውን ከሊጡ አጥባ በገዛ እጇ ሰጠችው። አባቴም በጋውን ሙሉ ሲያፈላ፣ የተረፈውን ነጭ ዱቄት ሲያጥብ ከረመ። ገበቴውን ዳር እስከ ዳር ነጭ ቅርፊት ያዘው።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ኖራ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለኝ፣ ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ። «ፈርቶ ቀረ ከሚሉኝ፣ ልጁ ሥራ ሰጠችው ቢሉኝ አይሻልም?»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ከሄዱት ጓደኞቹ አንዱ አልተመለሰም። አባቴ ብዙ አለቀሰለት፤ ከዚያ ወዲያም ምዕራብን አላነሳም። እሱ ያረፈው ከዓመታት በኋላ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እናቴ እጁን እንደያዘችው ነው።

ገበቴው አሁን እኔ ቤት ነው። የመጣ ሁሉ፣ ይሄን ኖራ ለምን አትፈገፍጊውም ይለኛል። አልፈገፍገውም። በዚያ በጋ አባቴ ቤት ነበር።