ነጋሪ የተሸጠች ጊዜ

ቡራዩ ሥራ የጀመርኩት ዓይኔን በሻርፕ ታስሬ ነው። ኢንጂነር ሰለሞን፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ መዳፍ የምታህል መሣሪያ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝና “ታደለች፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት እሽጎች ስኳሩን አምጪልኝ” አለኝ። በዳበሳ አንዱን አነሳሁ፤ መሣሪያዋን ወደ እሽጉ አዙሬ ቁልፏን ተጫንኩ። “የልብስ ማጠቢያ ዱቄት” አለችኝ። ደንግጬ አስቀመጥኩት። ቀጥሎ ያነሳሁት ጨው ነበር። ስኳሩን ሳገኝ ሻርፑን ፈታልኝና “በይ፣ አሁን መበየጃውን መያዝ ትችያለሽ” አለኝ።

የመሣሪያዋ ስም ነጋሪ ነው። ዓይነ ስውራን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። የተጻፈውን በካሜራዋ ታነሳለች፣ በኔትወርክ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተሮች ትልካለች፣ መልሱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ታነባለች።

እኔ ከወላይታ ከእህቴ ጋር መጥቼ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ስሸከም ነው የቆየሁት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመሣሪያዋን ቦርድ እያቃጠልኩ አበላሸሁ። ሰለሞን አልተቆጣም። “ስታኞውን አታስቸኩዪው፤ ቦታው ሲግል ቆርቆሮው ራሱ ቀልጦ ይፈሳል” ይለኝ ነበር። ከብየዳ ወደ ፍተሻ፣ ከፍተሻ ወደ ጥገና ተዛወርኩ። በኋላ የጥገና ክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ዲፕሎማ የለኝም ስለው “ከሥራሽ ነው የሾምኩሽ” አለ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነጋሪን ጥያቄ መጠየቅም ይቻላል፤ የቸገረን ግን ሰው የሚናገረው መጽሐፍ ላይ እንዳለው አለመሆኑ ነው። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዓይነ ስውር መምህር ከሰበታ ድረስ መጥተው አቤቱታ አቀረቡ። “ይቺ ነጋሪ የምትሏት ልጅ አማርኛ ትችላለች፣ ኦሮምኛም ትችላለች። ሰበታኛ ግን አትችልም” አሉ። “ኩን ምንድን ነው?” ብለው፣ “ይህ” የሚለውን በኦሮምኛ ቀሪውን በአማርኛ አደባልቀው ሲጠይቋት ዝም ትላለች ለካ።

ሰለሞን ሳቀ፤ ግን በማግስቱ መቅረጫ ይዘን እንድንወጣ አደረገ። ሰበታ ታክሲ ተራ፣ ሱሉልታ ገበያ፣ ቡራዩ ጋራዦች ዞርን። እያንዳንዱን ሰው “ዓይነ ስውራን እንዲጠቀሙበት ድምፅዎን ይሰጡናል?” ብለን አስፈቅደን ቀረጽን። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ከሁሉም በላይ አወሩልን። ሥራው ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ነጋሪ የተደባለቀውንም ሰማች።

ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። ቺፕ ማስመጣት አልቻልንም፤ ትእዛዝ እያለ ጠረጴዛችን ባዶ ሆነ። አንድ ጠዋት ሰለሞን ሰብስቦን “ልሸጠው ነው” አለ። ገዢው ትልቅ የውጭ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው። እርስ በርሳችን “እንዲህ ያለ ኩባንያ የኛ ሚጢጢ መሣሪያ ምን ትሠራለታለች?” ተባባልን።

የኩባንያው ተወካይ ሜሮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ስትመጣ ሻይ ጋብዣት ይህንኑ ጠየቅኳት።

“እውነቱን ልንገርሽ” አለች። “መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ሞልቷቸዋል። የዚህ አገር ሰው እንዴት እንደሚያወራ ግን አያውቁም። ከዜሮ ቢጀምሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ የሚያውቀውን መግዛት ይቀላቸዋል። ነጋሪን ደግሞ ሰው ቤቱ አስገብቶ አምኗታል። ሌላ ተፎካካሪ ቀድሞ እንዳይገዛትም ይሰጋሉ።”

“መሣሪያዋስ?”

“ምርቱ ይቆማል። ችሎታዋ ስልክ ውስጥ ይገባል።”

“በየሰው አንገት ላይ ያሉትስ? ኮምፒውተሮቹ ከተዘጉ እኮ ሁሉም ዝም ይላሉ።”

ሜሮን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። “እሱ ውሉ ላይ የለም” አለች።

በዚያው ሳምንት የኦቦ ገመቹን ባትሪ ልቀይር ሰበታ ስሄድ ሜሮን አብሬሽ ልምጣ አለችኝ። በራቸውን አንኳኳሁ።

“አከም ጅርታ ኦቦ? ታደለች ነኝ” ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

“ነገያ፣ ደህና ነኝ። ኮቱ፣ ግቢ ልጄ። ማን አብሮሽ አለ?”

ሜሮን ራሷን አስተዋወቀች። እኔ በካቻቢቴ ነጋሪን ፈትቼ ባትሪውን ቀየርኩ። ኦቦ ገመቹ ወዲያው አንገታቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ሥር ካሉት ሁለት የመድኃኒት ካርቶኖች አንዱን አነሱ። አንዱ የእሳቸው የደም ግፊት፣ ሌላው የባለቤታቸው የስኳር ነው፤ በመዳሰስ አይለዩም። “ኩን ምንድን ነው?” አሉ። ነጋሪ አነበበች። የራሳቸውን ለይተው አንዲት ፍሬ ዋጡ።

“እናንተ ናችሁ አሉ የገዛችሁን?” አሏት ሜሮንን።

“ነጋሪን ነው የምንገዛው፣ አባባ።”

“እኔም እኮ ውስጧ አለሁበት። ድምፄን ምን ታደርጉበታላችሁ?”

“ስልኮች የሰው ንግግር እንዲረዱ ነው።”

“ይረዱ፣ ደግ ነው። የኔን ንግግር ወስዳችሁ ግን መሣሪያዬን ዲዳ ታደርጉብኛላችሁ?”

ሜሮን ወደ እሳቸው ተጠጋች። “ቃል ልገባልዎት አልችልም፣ አባባ። እዚህ ያየሁትን ግን ለአለቆቼ እነግራለሁ” አለች። ውሸት ስላልነገረቻቸው ያን ቀን ወደድኳት።

ወደ ቡራዩ ስንመለስ አየር ጤና ላይ “ውሉ አልተፈረመም። ሰለሞን ይህን ካነሳ እኔ ከጎኑ እቆማለሁ” አለች።

ለሰለሞን ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደሞዛችንን ለመክፈል ተበድሮ ስለነበር ሽያጩ ቢፈርስ የሚወድቀው እሱ ነው። ቢሆንም “በሰው እጅ ያሉት ነጋሪዎች ዝም እንደማይሉ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም” ብሎ ለኩባንያው ላከ። ሳምንታት ጠበቅን። አንዳንዶቻችን “እልኸኛ ነው፣ እኛንም ይዞን ሊሰምጥ ነው” ብለን አማነው። እኔም ፈርቼ ነበር፤ በጸሎት ቤታችን ሳይቀር አስጸለይኩ።

መልሱ መጣ። በሰው እጅ ያሉት ነጋሪዎች እስኪያረጁ ድረስ ኮምፒውተሮቹ አይዘጉም። ጥገናውም ይቀጥላል። ድምፅ የሰጡ ሰዎች ለአዲሱ ሥራ እንደገና ይጠየቃሉ፤ እምቢ ያለ ሰው ድምፁ ይሰረዝለታል። ኦቦ ገመቹ ሲጠየቁ “ስለጠየቃችሁኝ ፈቅጃለሁ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ” አሉ።

ሁሉም አልተደሰተም። አብረውኝ ከበየዱት አብዛኞቹ ካሳቸውን ይዘው ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ ጥቂቶቹ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኙም። ሰለሞን የኩባንያው የቋንቋ ክፍል ውስጥ ገባ። ለኔ መበየጃዎቹን፣ ቴስተሩንና የቀረውን መለዋወጫ ሰጡኝ፤ የጥገናውን ሥራም በኮንትራት ያዝኩ። ሰበታ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ልጆቼን የማስተምረው ከዚያ በማገኘው ነው።

በሙያው ያላችሁ ወጣቶች “ትልቅ ኩባንያ ትንሹን ለምን ይገዛል?” ብላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ትልቅ ኩባንያ ትንሽ መሣሪያ ሠሪ የሚገዛው ለመሣሪያው ብቻ አይደለም። የሠሪዎቹን እውቀት፣ የደንበኞቹን እምነትና ጊዜ ይገዛል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን መሣሪያውን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ጠይቁ፤ መልሱንም ውሉ ውስጥ አስገቡ።